እትብት የቆረጠችው ሰንጢዬ

በዚህች ሰንጢ የሰው እትብት ተቆርጦባታል።

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ስስላት ነው ትዝ ያለኝ። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ገበያ የገዛኋት ናት። እጀታዋ ቀንድ ነው፤ ማጠፊያዋ እስካሁን አልላላም።

ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ከዘጌ በጀልባ ስንመለስ፣ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ጠናባትና ሐይቁ መሀል ላይ ወለደች።

አብረውን የተሳፈሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ ያዋለዷት። ሕፃኗን እንደታቀፉ ቀና ብለው፣ «ምላጭ ያለው ሰው አለ?» አሉ።

ሰንጢዬን ሰጠኋቸው። እስከዚያች ቀን ከብርቱካን ሌላ ቆርጬባት አላውቅም።

እማሆይ ስለቷን በአረቄ አጠቡ፤ በክብሪትም ለበለቡ። (አረቄው የኔ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ያመነ የለም።) ከነጠላቸው ክር መዝዘው እትብቱን አሰሩና ባንድ ጊዜ ቆረጡት።

ሕፃኗ አለቀሰች።

እናትም ልጅም በደህና ወረዱ። እማሆይ ሰንጢዬን ሲመልሱልኝ፣ «ልጄ፣ ተባርካለች፤ ክፉ እንዳትሠራባት» አሉኝ።

እንዳሉኝ አድርጌያለሁ።

እናንተስ ከኪሳችሁ የወጣች ትንሽ ዕቃ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ስትሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።