ኮምፒውተሬ ያስላከችብኝ ሽማግሌ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሬ ጠዋት በከፈትኳት ቁጥር «አዲሱን ሲስተም ልጫንልህ?» ትለኛለች። አዲሱን የጫኑ ሁለት ባልደረቦቼ ፋይላቸው ድራሹ ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ጮክ ብዬ «ተይኝ በናትሽ፣ ዛሬ አልችልም!» እላታለሁ። ሌላ የማናግረው ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡና ተቀመጡ፤ እኔም አራተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ሰምተንሃል» አሉኝ እትዬ ጽጌ። «ጠዋት ጠዋት በስልክ የምትለምንህን ልጅ ምነው እንዲህ ታመናጭቃታለህ? ታረቃት እንጂ!»

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት፣ አራቱም ወንበሮቼ ሰው እንደያዙ አየሁ። እዚህ ቤት ከገባሁ የመጀመሪያው ነው።

«እስቲ ላስብበት» አልኳቸው። «ነገም ትመጣላችሁ አይደል?»