ሰው የሌለበት ግቢ

ላፕቶፑ የመጣው ለእኔ ነበር። አቃቂ ካለ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እማር ስለነበር፣ ዱባይ የምትሠራው አክስቴ አሠሪዎቿ የተዉትን ያገለገለ ላፕቶፕ በሰው ላከችልኝ። ክዳኑ ተጭሯል፤ ባትሪውም ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። እንደዚያም ሆኖ በሰፈራችን ላፕቶፕ ያላት ተማሪ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ኮርቼበት ነበር።

ወንድሜ ከእስር የተፈታው በዚያው ሰሞን ነው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። የተሳቢ ሾፌር ነበር፤ ከጅቡቲ ጭኖ ቃሊቲ ያራግፋል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን ያቆመው እሱ ነው። አንድ ቀን ቃሊቲ፣ መጋዘን ግቢ ውስጥ ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ አንድ ጫኝና አውራጅ በመኪናውና በግንቡ መካከል ተጣብቆ ሞተ። ሰውየው የልጆች አባት ነበር። ጋሼ በስፖኪዮ አላየሁትም አለ። ዳኛው ደግሞ ወርደህ ማየት ነበረብህ አሉት። ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱንም ተነጠቀ።

ሲመለስ ቤት ውስጥ መኖሩም አይታወቅም ነበር። በር ላይ ዱካ ስቦ ይቀመጣል። ከባድ መኪና አልፎ መስኮታችን ሲንቀጠቀጥ የጀመረውን ወሬ ያቋርጣል፤ አንዳንዴም እዚያው ትቶት ይቀራል። እናቴ ምግብ አቅርባ ሳይነካ ታነሳለች።

አቃቂ በሰቃ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የስልጤ ልጅ አለ። የሒሳብ ፕሮግራም ሊጭንልኝ ቀጠረኝና ጋሼን ለምኜ አብሮኝ ሄደ፤ ከቤት እንዲወጣ ብዬ ነው። ልጁ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የተሳቢ መንጃ ጌም ከፍቶ ነበር። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና፣

«ይሄ የእሷ ላይ ይሠራል?» አለው።

«መጫኑን ይጫናል» አለ ልጁ። «ግን የእሷ ላፕቶፕ ለብቻው የግራፊክስ ካርድ የለውም። ሥዕሉንም ሒሳቡንም ያው አንዱ ፕሮሰሰር ነው የሚሸከመው። እንዲህ ዓይነት ጌም ይከብደዋል።»

ጋሼ ከተፈታ ወዲህ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያኔ ነው። እኔው ጫንልን አልኩት።

እንዳለውም ከበደው። ቤት ወስደን ስንከፍተው መኪናው ይነሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በማግሥቱ መለስንለት። ልጁ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የዛፉን ጥላ አጠፋ፤ ሣሩንና ዝናቡን አጠፋ፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ኪቦርዱን ለጋሼ ለቀቀለት። መኪናው አሁን ሳይቆራረጥ ሄደ።

«ስፖኪዮው የታል?» አለ ጋሼ። በስፖኪዮው ቦታ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ነበር።

«እሱንም አጠፋሁት። ስፖኪዮ ማለት ያንኑ አገር ሁለተኛ መሣል ነው። ይሄ ማሽን አይችልም።»

«ስፖኪዮ የሌለው መኪና አልነዳም።»

«እሱን ከመለስኩ ሌላ የቀረውን ሁሉ ማንሳት አለብኝ።»

«አንሳው» አለ ጋሼ።

አነሳው። ከዚያ በኋላ ያ ጌም ምን እንደሚመስል ላየው ሰው ያሳዝናል። ሰማዩ አንድ ወጥ አመድ ነው። ቤቶቹ መስኮት የሚያወጡት አጠገባቸው ሲደርሱ ነው፤ ተራራው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ድንገት ፊት ለፊት ይገተራል። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ሰው የለም። ጋሼ ግን መንገዱን አልፈለገውም። አንድ መጋዘን ግቢ ይሄድና ከሰዓቱን ሙሉ ተሳቢውን ወደ ኋላ ያስገባል፤ ያወጣል፤ እንደገና ያስገባል።

«ምን አድርስ ተባልክ ልጄ?» አለችው እናቴ አንድ ቀን፣ ከኋላው ቆማ።

«ምንም እማዬ። እያስጠጋሁ ነው።»

ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዝና ግራ ስፖኪዮውን፣ ከዚያ ቀኙን ያያል። የሚታየው የተጨማለቀ ነጠብጣብ ነው። አንዴ የቤት ሥራዬን መሥራት ፈልጌ፣ «ጋሼ፣ ማንም የለም እኮ፤ ግባና ጨርስ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ማየቱን ግን አልተወም።

እንዲያም ሆኖ ለወጥ ያለ ነገር ታየበት። የቀረበለትን መብላት ጀመረ። ሳሪስ ያለ የድሮ ጓደኛውን ጠይቆ መጣ። መንጃ ፈቃድ ለማስመለስ የት እንደሚኬድ ሲያጠያይቅ እናቴ ሰምታ ስለት ተሳለች።

የጥገናው ልጅ ጋሼን ወዶት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ስናልፍ ጠራን። አንድ ደንበኛ ለጥገና ያመጣው፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ባንኮኒው ላይ ነበር። «ና ተቀመጥ፤ ጌሙን በወጉ እይው» አለው። የነበረውን ማስተካከያ ሁሉ ጫፍ ድረስ ከፍ አደረገ።

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሣሩ በነፋስ ይተኛል። ዝናብ መስተዋቱ ላይ ወርዶ በጠብታ በጠብታ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ ረጥቦ የመኪናውን መብራት ይመልሳል። ጋሼ ፈገግ አለ። የሚያውቀውን መንገድ ይዞ የለመደው ግቢ ገባ፤ ተሳቢውን አዙሮ ወደ ኋላ ማስጠጋት ጀመረ። ከዚያ ቆመ።

ግቢው ውስጥ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጋሪ ይገፋል። ሌላው ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ግንቡ ሥር ቆሟል፤ ስፖኪዮው ውስጥ ፊቱ ሳይቀር ይታያል።

«እነዚህ ከየት መጡ?» አለ ጋሼ።

«ድሮም አሉ እኮ። የእናንተ ላፕቶፕ ስለማይችል ነው ያጠፋኋቸው።» ልጁ የጋሼን ታሪክ አያውቅም ነበር። «አታስብ፣ ግባ። ብትነካቸውም ምንም አይሆኑም፤ መኪናው በውስጣቸው ያልፋል።»

ጋሼ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ተነሳና «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብሎ ወጣ። ተከትዬው ስሄድ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ቆሞ አገኘሁት። ልብሱ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ጌም ነው እኮ።»

«ያን ሁሉ ቀን ማንም የለም ብዬ ስገባ፣ እዚያው ነበሩ ማለት ነው» አለ።

ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ሄድን።

ከዚያ ቀን በኋላ ላፕቶፑን አልነካም። ጌሙን አጥፊው አለኝና አጠፋሁት። እናቴ ሥራ የፈታ መስሏት፣ «ዛሬስ አታስጠጋም?» ትለው ነበር፤ ዱካውን ይዞ ወደ በሩ ሲወጣ ጊዜ መጠየቋን ተወች። የመንጃ ፈቃዱ ነገርም አልተነሳም። ላፕቶፑ እኔ ልመረቅ ስል ስክሪኑ መስመር በመስመር ሆኖ ሞተ፤ የግራፊክሱ ነገር ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይጠገንም ተባልኩ።

ጋሼ አሁን ቃሊቲ ጎማ ቤት ይሠራል። ከባድ መኪና ሊያሠራ የመጣ ሾፌር ወደ ኋላ ሲል፣ የያዘውን ጎማ ጥሎ ይሄድና ከመኪናው በስተኋላ ይቆማል። ሾፌሮቹ ምን ሆነሃል፣ ዞር በል እያሉ ይቆጡታል። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግን ከዚያ አይነቃነቅም።