ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?

ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ማሽን ላይ ነበርኩ። «ጋሽ ሰይድ አረፉ» አለችኝ ጎረቤታቸው። «የትኛው ሰይድ?» አልኳት። አቃቂ ውስጥ ስንት ሰይድ አለ፣ ሌላ ይሁን ብዬ እኮ ነው። «የቶርኖው» አለችኝ።

ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ተራ አግኝተውኝ «ከስተሻል፣ ብይ እንጂ!» ብለው የተቆጡኝ ሰው እንዴት ይሞታሉ?

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አቃቂ በሰቃ ሰፈር፣ ቶርኖ በሚባለው ማሽን ላይ ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስተማሩኝ ስል ግን ራሴን እጠራጠራለሁ፤ «ሻርፕሽን አውልቂ፣ እጅሽን አርቂ» ከማለት በቀር እንዲህ አድርጊ ብለውኝ አያውቁማ።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራዬን ለቅቄ ቶርኖ ቤቱ ስገባ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሁለት ልጆችም ነበሩኝ። የቤቱ ባለቤት «ሦስት ወር ሞክሪ። እስከዚያ ብቻሽን አንድ ሥራ ካላስረከብሽ እንለያያለን» አለኝና ጋሽ ሰይድ ሥር መደበኝ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ልክ ነው?» ስላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው። «እኔን ተይኝ፣ ብረቱን ጠይቂው።»

በሆዴ ስንቴ እንደረገምኳቸው! ብረት አፍ አለው እንዴ?

ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የወፍጮ ዘንግ ሰጡኝ። ጫፉ ላይ ኩሽኔታ፣ ዘንጉን ይዞ የሚያዞረው የብረት ቀለበት፣ ይገባበታል፤ ጥብቅ ብሎ በመዶሻ ነው መግባት ያለበት። ግማሽ ቀን ሙሉ ላቤ ጠብ እስኪል ቆረጥኩ። ስጨርስ ለካሁት፤ ልክ ሠላሳ አምስት ሚሊ! ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆመው እኔንም ዘንጉንም አዩ። «ምሳ በልተን ኩሽኔታውን እናስገባዋለን» አሉ።

ከምሳ ስንመለስ ኩሽኔታው ሰተት ብሎ ገባ። የከሳ ጣት ላይ እንዳለ ቀለበት ይዞራል። «እስቲ አሁን ለኪው» አሉኝ። አንሷል!

የቶርኖ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አላወቅኩም ነበር። ሲቆረጥ የቆየ ብረት ይግላል፣ ሲግል በጥቂቱ ያብጣል። ትኩሱን ለክተሽ ልክ ነው ካልሽ፣ ሲበርድ ያንስብሻል።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አውቅ ነበር።»

«እያዩ ዝም አሉኝ?»

«አዎ።»

«እርስዎ መምህር አይደሉም፣ ጨካኝ ነዎት!» ብያቸው ጥዬ ወጣሁ። አቤት አፌ! አባቴን የሚያህል ሰው እኮ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ቀድመውኝ መጥተዋል። ያነሰውን ቦታ ራሳቸው በብየዳ ሞልተው፣ ዘንጉን ማሽኑ ላይ አስረው ቁጭ ብለዋል። «በይ ቀጥዪ» ብቻ አሉኝ። ትንሽ ቆርጬ አቆማለሁ፣ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፣ እለካለሁ፣ ደግሞ እቆርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ኩሽኔታው ያለ መዶሻ አልገባም አለ። ደስ ሲል! ባለቤቱም አስቀረኝ። ስምንት ዓመት አብረን ሠራን፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሥራ ነው።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ምን መሰላችሁ? ያን ቀን «ይብረድ፣ ከዚያ ለኪ» ቢሉኝ ኖሮ ያው አውቀው አልነበር? ታዲያ በሕይወቴ ስንት ነገር ተነገረኝ፣ የቱ ቀረልኝ? አሁን እኔ የማሠለጥናት አንዲት ሴት አለች። ትኩስ ብረት እንዳትለካ ሃያ ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ «እሺ» ትላለች፣ ትለካለች። አንድ ቀን ምላሴን ነክሼ ዝም አልኳት፤ ሥራው አንሶ ተበላሸባት። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልሳተችም። ዝም ማለቱ ግን እንዴት እንደሚከብድ! ጋሽ ሰይድ እንዴት ቻሉት? እንደምመለስስ በምን አወቁ? እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ፣ ነገ ዛሬ ስል ቀረሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸውን እትዬ ከድጃን አቅፌ ካለቀስን በኋላ አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳቸው። «ጋሽ ሰይድ ያኔ ጥያቸው ስወጣ፣ እንደምመለስ እንዴት አወቁ?»

እትዬ ከድጃ እንባቸውን እየጠረጉ አዩኝ። «ማን አወቀ አለሽ? ወላሂ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ‹አበዛሁባት፣ የልጆች እናት አባረርኩ› እያለ ሲብሰለሰል አመሸ። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ በዚያው ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄደ። ‹ምናልባት ከመጣች በሩ ተዘግቶ እንዳታገኘው› ብሎኝ።»

ጋሽ ሰይድ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እርግጠኛ ነበሩ ብዬ ነበር እኮ። ለካ እርስዎም ፈርተዋል።

እኔም ያልነገርኩዎት አለ። ያን ጠዋት የመጣሁት ልሠራ አልነበረም። ቱታዬን ይዤ፣ ተሰናብቼዎት ልሄድ ነበር። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር። በሩ ተከፍቶ እርስዎን ቁጭ ብለው ሳይ ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ።

አላህ በጀነት ያኑርዎት። ያኔ ልልዎት የመጣሁትን ዛሬ ልበልዎት፤ ለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ፣ ደህና ይሁኑ ጋሽ ሰይድ።