ሳይበላሽ መደወል

ወልድያ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ከሥራዎቼ አንዱ መርሳ ከተማ ያለ የሽንኩርትና የፓፓያ መረከቢያ መጋዘንን ከአንድ የጭነት መኪና ድርጅት ሲስተም ጋር ማገናኘት ነበር። መጋዘኑ መኪና ሲፈልግ ጥያቄው በእኔ ፕሮግራም በኩል ያልፋል። ታዲያ በትንሽ በትልቁ ተመላሽ ይሆናል፤ ስልክ ቁጥሩ በዜሮ ጀመረ ተብሎ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጻፈ ተብሎ።

ያኔ የመጋዘኑ መዝጋቢ ትደውላለች።

«ወንድም፣ ዛሬም መለሰብን።»

ስህተቱን ፈልጌ እስካስተካክል ስልኩን አትዘጋም። ከጀርባዋ የሚኒባስ ረዳቶች «ወልድያ! ወልድያ!» ሲሉ ይሰማኛል። መጀመሪያ ወሬያችን የሥራ ብቻ ነበር። እየቆየ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አባቷ የዓይን ሕመም፣ እኔ ምሳ ስለመብላት አለመብላቴ ሆነ። አንዳንዴ አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላም «ትንሽ ጠብቂኝ፣ ገና ነው» እላት ነበር።

ከዚያ ያልተሳኩ ጥያቄዎችን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠግን መሣሪያ መጣ። ጥያቄው ተመላሽ ሲሆን ምክንያቱን አንብቦ፣ ስህተቱን አርሞ፣ ራሱ መልሶ ይልከዋል። አሠሪዎቼ አስገባው አሉኝ፤ አስገባሁት። ሲሠራ ሳየው ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ስልኬ ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ጳጉሜን ገባች። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ሲስተም ይህችን እንኳ አያልፋትም፣ ዛሬ ትደውላለች ብዬ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ዋልኩ። ማምሻውን ፕሮግራሙን ብከፍተው መሣሪያው ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ ልኮታል። መኪናውም ጭኖ ሄዷል። ሥራዬ ስለተሳካ ከፋኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንገባ ምን እንደምላት ሳስብ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጆንያ ታስጭናለች። «እንደምን ዋልሽ» ስላት ዞር አለች። ፊቴን አይታው አታውቅም፤ በድምፄ ለየችኝ።

«ምን ተበላሸ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ጊዜ...»

ሻርፗን አስተካከለችና መሬት መሬት አየች። «እኔኮ ሰልችቸው ነው መሣሪያ ያስገባው ብዬ ነው። ሳይበላሽ መደወል ደግሞ አፈርኩ።»

«ኧረ አልሰለቸሽኝም» አልኳት። ሌላ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

እዚህ ሥራው እንደቀነሰ፣ ኮምቦልቻ ሌላ እንዳገኘች፣ በዚያው ሳምንት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ፓፓያ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝና እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። መኪናው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመች።

አሁን አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። «ደህና ነሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ትላለች። አንድ ነገር ለመናገር እኩል እንጀምርና እኩል እናቆማለን። ከዚያ አንዳችን «ሥራ አለብኝ» እንላለን። የምላት ሁሉ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።