በእንሰቱ ቅጠል ጫፍ የተንጠለጠለው ጎጆ

ወፎቹ ከጓሯችን እንሰት ሁሉ መርጠው ጎጇቸውን የሠሩት በኋላ ልንጥለው በተገደድንበት ላይ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ጂንካ ውስጥ እግሬ እንዳመራኝ የምዞር ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ግን ገጣሚ ነኝ ለማለት ተዘጋጅቻለሁ። የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። ቀበሌ የእጅ ጽሑፌን ስለወደደው ለበዓል መፈክር ያስጽፈኛል። ከበዓል የተረፈ፣ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ሁልጊዜ ከቤታችን አይጠፋም።

ጎጆው ሲሠራ ገና ከመጀመሪያው አይቻለሁ። ደረቱ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር የሆነ ወንድ ወፍ የእንሰቱን ቅጠል ጠርዝ በመንቁሩ ነክሶ ወደ ኋላ ሲበር፣ ቅጠሉ እንደ ክር ተተልትሎ ይከተለዋል። በዚያው ክር፣ በዚያው ቅጠል ጫፍ ላይ ጎጆውን ሰፋ። ሴቷ ገብታ ታያለች፤ ወጥታ ትበራለች፤ እሱ እንደገና ይሰፋል። ቅጠሉ ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ብሎ ጎጆው ከእኔ ፊት ትይዩ ሆነ። ድመት ብትዘል ትደርስበታለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እኔ ራሴ የወለድኳቸው ያህል ሰፈሩን ዞሬ አወራሁ።

ከዚያ ጎረቤታችን መጡ። እናቴን እንሰት መትከልና መፋቅ ያስተማሯት እኚህ የአሪ ሴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ቀና ብለው እንሰቱን አዩና አዲሱ ቅጠል እንደቀጠነ ለእናቴ አሳዩዋት። ሊያብብ ነው፤ ካበበ ደግሞ ምግቡ ሁሉ ወደ አበባው ሄዶ ግንዱም ሥሩም ባዶ ይቀራል አሉ። እናቴ ሌላ የደረሰ እንሰት አልነበራትም፤ ጓዳችንም ሳስቷል። ወዲያው ሴቶቹ ለደቦ ተጠሩ።

ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ እንታገሥ ብዬ ለመንኩ። እናቴ ለወፎች እያዘነች እኔን ማስራብ እንደማትችል ነገረችኝ። ሌላ ሐሳብ እስኪመጣልኝ ጓሮውን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም። በመጨረሻ መጣልኝ፤ ቅጠሉን ከነአጥንቱ ቆርጬ፣ ጎጆው ካለበት ቦታ ሳይርቅ፣ አጠገቡ ካለው ለጋ እንሰት ጋር አስረዋለሁ።

እትዬ ሳቁ። «ሞክረው። እንሰቱ ግን ዛሬ ይወድቃል።»

ደቦው ጠዋት ሲሰበሰብ ቅጠሉን ቆረጥኩ። የማስርበት ሳጣ ሮጬ ቀዩን ጨርቅ ቀደድኩና ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ እንሰቱን ገዝግዤ ጣልኩ። መሬት ሲመታ ጎጆው ተወዛወዘ እንጂ አልወደቀም። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

በሰፈራችን ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይቆምም። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከመቀመጣቸው አባረሩኝ። ከአጥሩ ማዶ፣ ከብቶች ከሚግጡበት ከከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ቆሜ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቅ ጀመር።

እናቲቱ ወፍ አባጨጓሬ ይዛ መጣች። ወደ ጎጆው ተጠጋች፤ ድንገት ተመለሰች። ዞራ መጣች፤ አሁንም ተመለሰች። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ላይ ተንጫጩ፤ ቆይቶ ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ሴቶቹ ይፍቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ አጥሩን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ቅጠሉን በማንቀሳቀሴ የገደልኳቸው መሰለኝ።

ከዚያ ነፋስ መጣና የጨርቁ ጫፍ ተርገበገበ። ወፏ በአየር ላይ እንዳለች ታጠፈች። ነፋሱ ሲቆም ተጠጋች፤ ሲነሳ ሸሸች። ጎጆውንማ አውቃዋለች። የፈራችው የእኔን ቀይ ጨርቅ ነው።

«እትዬ፣» ብዬ በአጥሩ ተጣራሁ፣ «ጨርቁን ልፍታው። ልግባ።»

«ወንድ እዚህ አይገባም።»

«ጨርቁን ፈርታ ነው የማትገባው። ልጆቿ ሊሞቱ ነው።»

ፍቂያው ቆመ። ሁሉም ወደ ጎጆው ቀና አሉ መሰለኝ።

«ወፏ መሠረተ ትምህርት አልገባችም» አሉ እትዬ። «ያንተን ጽሑፍ ማንበብ አቅቷት ነው።»

ሴቶቹ ሳቃቸው ሲፈነዳ እናቴ አፏን በእጇ ያዘች፤ መፈክር በዚያ ጊዜ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። እትዬ ግን ቀጠሉ፤ ልግባ ካልኩ እንደ ሙሽራ ተሸፍኜ፣ ቅጠሉን ላልገልጥ ቃል ገብቼ ልግባ አሉ። ሴቶቹ ተስማሙ፤ እኔም ቃል ሰጠሁ። እናቴ የእንሰት ቅጠል በራሴ ላይ ደፍታ ፊቴን ሸፈነችኝና ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። አንዷ የሙሽራ ዘፈን አነሳች፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ተቀበሏት።

ከቅጠሉ ሥር አረንጓዴ ብርሃን እንጂ ምንም አይታየኝም። ቋጠሮውን በጣቴ ዳሰስኩ። እትዬ አሁን ከተፋቀው የወጣ እርጥብ ቃጫ በመዳፌ አስቀመጡልኝ። መጀመሪያ በቃጫው አሰርኩ፣ ከዚያ ጨርቁን ፈታሁ። የእጄ ጀርባ ጎጆውን ነካው፤ ሙቀት አለው፤ ውስጡ የሆነ ነገር ይንፈራገጣል። በሕይወት አሉ።

እናቴ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ጨርቁን ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ዘፈኑም ቆመ፣ ጭብጨባውም ቆመ። ቅጠሉን ገልጬ ማየት አማረኝ፤ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ክንፍ ከጆሮዬ አጠገብ ሽው አለ። ወዲያው ጫጩቶቹ ከመቼውም ይልቅ በባሰ ጩኸት ተንጫጩ፤ ከዚያ አንዱ ድምፅ አፉ እንደሞላ ሰው ታፈነ።

«ጎረሰ» አለች እናቴ በሹክሹክታ፤ ክንዴን የያዘው እጇ ጠበቀ።