በሙሽርነቴ ያነሳሁት ድንጋይ

የልጅ ልጄ ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ባሏና አማቷ ዘንድ ትኖራለች። ከሥራ ስትወጣ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ አንድ ነገር ትቀምስና በባጃጅ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርዳ ጂም ትገባለች። ባለፈው ሳምንት የተቀቀለ እንቁላልና የላንቴ ሙዝ እያከታተለች ስትበላ አየኋትና፣

«ልትከሺ ነው ብለሽ ይህን ሁሉ ትበያለሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ መክሳት ማን ፈለገ! ሆዴ ብቻ ይሂድልኝ ነው የምለው። ብረት የማነሳው ቅርጼ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ብራብ መጀመሪያ የሚጠፋው ዳሌዬ ነው። አንቺ ይህን አታውቂውም።»

አውቀው ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወደ አባያ ሐይቅ እያየሁ ቆየሁ።

አርባ ምንጭ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ዓሎሎ እወረውር ነበር። ሰውነቴ ጠንካራ ነበር። የስፖርት መምህራችን ስለ ሆድ ሲጠየቁ፣ «ተርቦ የከሳ ሰው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ልብስ ይመስላል። እግርና ጀርባችሁን አጠንክሩ፤ ሆዳችሁ ራሱ ይገባል» ይሉን ነበር። በልጅነት የሰማሁት ብዙው ጠፍቶኝ ይህ አልጠፋኝም።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ደጋ ላይ ላለው የኦቾሎ መንደር ሰው ተዳርሁ። ባለቤቴ ሸማኔ ነበር፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ከእናቱ ጋር ብቻ ይኖር ነበር። በጋሞ ደጋ በዚያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ሥራ አትነካም። ለወራት ቤት ተቀምጣ ጸጉሯን ቅቤ እየተቀባች ትበላለች። ጊዜዋ ሲደርስ አጊጣ ገበያ ትወጣለች፤ ይህን ሶፌ ይሉታል። ያን ቀን ሰው የሚመዝነው ሙሽራይቱን ብቻ አይደለም፤ እንዴት አድርገው እንዳበሏት የአማቷም ስም አብሮ ይመዘናል።

አማቴ ስማቸውን የሚያስነሳ ነገር አልሠሩም። ማለዳ የገብስ ገንፎ መሐሉ በቅቤ ተሞልቶ ይቀርባል። ቀን ቆጮ ከአይብ ጋር፣ ከሰዓት ወተት፣ ማታ ደግሞ እንደገና ገንፎ። «ብዪ ልጄ፣ ደጅ ሰው አለ» ይሉኛል፤ ሰው ያያል ማለታቸው ነው። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ሆዴ ከእኔ ቀድሞ የሚራመድ ሆነ። አማቴ ሆዴን አይተው ለብቻቸው ፈገግ ይሉ ነበር፤ የምግባቸው ውጤት ደስ ብሏቸው መስሎኝ ነበር። በትርፍ ሰዓታቸው ቀጭን ጥጥ ይፈትላሉ። እሱንም ለሶፌዬ ነው ብዬ ነበር።

ምግቡን እምቢ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ የመምህሩን ምክር ያዝኩ። ጓዳ ጥግ የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ነበር። አማቴ ውኃ ሊቀዱ ቁልቁል ሲወርዱ ድንጋዩን ደረቴ ላይ ታቅፌ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ከራሴ በላይ አነሳለሁ፤ አወርዳለሁ። መጀመሪያ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ እየቆየ ግን ለመደ። ሆዴ ገባ። ዳሌዬና ክንዴ እንዳሉ ቀሩ፤ እንዲያውም ጠነከሩ። የተማሪነቴ ሰውነት ተመልሶልኝ በጣም ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን በየወሩ በሚመጣው የሴት ሕመም ሁለት ቀን ተኛሁ። በተነሳሁ ማግሥት አማቴ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምኑን እናቴ?»

«የወረደውን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እጃቸውን ሆዴ ላይ ሲያሳርፉ ገባኝ። ጥጡም የሕፃን ማቀፊያ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እናቴ፣ እርጉዝ አልነበርኩም! የበላሁት ቅቤ ነው። ስፖርት ሠርቼ ነው ያጠፋሁት።»

«እኔም ወልጃለሁ። ለእኔ አትንገሪኝ።»

እንዲያምኑኝ ብዬ ሮጬ ድንጋዩን አመጣሁ። ፊታቸው ቆሜ ከራሴ በላይ አነሳሁት።

«ጣዪው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድንጋዩንና ሆዴን ተራ በተራ አዩ። «ይህን ነው ስታነሺ የከረምሽው?» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «በቃ፣ በዚህ ነዋ የወረደው።»

ማታ ባለቤቴ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «እናቴ፣ እውነቷን ነው፤ አልነበረም።»

«አንተ ጥለትህን እወቅ። ይህን ወንድ አያውቀውም» ብለው አስቆሙት።

አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ገንፎውን እንደ በሽተኛ ያጎርሱኝ ጀመር። ድንጋዩን አንከባለው ገደል ሰደዱት። እንዝርታቸውንም ሰቀሉ።

ሶፌዬ ደረሰና ገበያ ወጣን። ሴቶቹ ክንዴን እየጨበጡ፣ «አንቺ፣ ምን ብታበያት ነው ወገቧ እንዲህ ተቀርጾ ዳሌዋ የሞላው? ለእኛም ልጆች አካፍዪን እንጂ!» ብለው አማቴን አሞገሷቸው። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ስትመሰገን ብትኮራ አይፈረድባትም። ዞር ብዬ ሳይ አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ሴቶቹ የደስታ እንባ መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይም ዓሎሎም አልነካሁም። ሳነሳ ቢያዩኝ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ነገሩን ግን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ በቀስታም፣ በቁጣም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም። «እሺ ልጄ» ይሉኛል፤ የሚያባብሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ተቀብለው አቀፏት፤ ፊቷን ትክ ብለው አዩና፣ «ይቺኛዋስ ቆየችልን» አሉ። እዚያ የነበሩት ሁሉ እልል አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ላልነበረ ልጅ እያዘኑ ኖረው አረፉ። ሐዘናቸው ግን የእውነት ነበር፤ ላነሳላቸው አልቻልኩም።

የልጅ ልጄ ያን ቀን ከጂም ስትመለስ ላቧ ሳይደርቅ በበረንዳው በኩል ገባች። ውኃ ሰጠኋት።

«አማትሽ ጂም እንደምትገቢ ያውቃሉ?» አልኳት።

«አያውቁም። ለሳቸው ምን ይሠራላቸዋል?»

«ሆድሽ ሳይጠፋ ንገሪያቸው።»

«ኧረ እማማ! ስለ ሆዴ ከአማቴ ጋር ላወራ?» ብላ ሳቀች።

«ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አልኳት።