ያልተቀባው ጎን

የአውራጃው ሹማምንት ዋ ሃሊያን «ያቺ ነዝናዛ አዋላጅ» ይሏታል። እሷም አትክድም፤ «ዝምተኛ አዋላጅ የት አይታችኋል?» ትላለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቡቶን ከተባለው ትልቅ ደሴት አጠገብ ባለችው ትንሿ ደሴት በእጇ ያልተወለደ ጎረምሳ ጥቂት ነው።

ቀድሞ የአውራጃውን አስተዳዳሪ የምትሾመው ጃካርታ ነበረች፤ ደሴቲቱን የሚያስታውስም አልነበረም። ለውጡ መጥቶ ሕዝቡ አስተዳዳሪውን ራሱ መምረጥ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ተመራጭ ለጤና ጣቢያው በፓርቲው ሐምራዊ የተቀባች ባለ ሞተር ጀልባ ሰጠ። ዋ ሃሊያ ቀለሙን ባትወደውም ጀልባዋን ስማ ተቀበለች። ምጥ የጠናባትን ስንቷን ሴት ከተማው ሆስፒታል አደረሰችባት!

በእኛ አገር ግን ሲሾም ያልቀባ ሲሻር ይቆጨዋል። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የድልድዩ ጠርዝ፣ ሁሉም የአሸናፊውን መልክ ይይዛል። ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ ጀልባዋንም «ብርቱካናማ ቀብተን እንመልሳለን» ብለው ወደ ከተማ ወሰዷት፤ ዋ ሃሊያም አመነቻቸው። የምዕራቡ ነፋስ ባሕሩን ሲያናውጠው ጀልባዋ ገና የሹማምንት እንግዳ ታመላልስ ነበር። የእህቷ ልጅ ሳሚና ምጥ ጸንቶባት በዓሣ አጥማጅ ታንኳ ስትሄድ መንገድ ላይ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈ። ዋ ሃሊያ እንባዋን ጠርጋ ከተማ ወረደች፤ በየቢሮው ደጅ ጠንታ፣ ጮኻ፣ ተጣልታ ጀልባዋን ይዛ ተመለሰች።

ሦስተኛው ምርጫ ሲያልፍ ቀቢዎቹ ደግሞ አጥሩን ሊቀቡ፣ ጀልባዋንም ወደ ከተማ ሊወስዱ መጡ። ተራው የአረንጓዴ ነበር።

«ለሳምንት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ የአጎቷ ልጅ፣ የመንደሩ ሹም ላ ሐሚዱ። «አዲሱን አስተዳዳሪ ገና በጠዋቱ አታስቀይሚብን። ኋላ ቃል የገባልንን መንገድ ይከለክለናል።»

«እዚሁ ይቀቧት።»

«እዚህ የት?»

«አሸዋው ላይ። ከፈለጉ እኔንም አብረው ይቀቡኝ እንጂ አልወርድም!» ብላ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሹመቴ ልታስነሺኝ ነው!»

«ሳሚናን አብረን ነው የቀበርናት፣ ሐሚዱ።»

ላ ሐሚዱ ጫማውን አውልቆ ጀልባዋ ላይ ወጣና ከጎኗ ተቀመጠ።

ቀቢዎቹ ምን ያድርጉ? እዚያው ጀመሩ። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲዞሩ አንድ ባል እያለከለከ መጣ፤ ሚስቱ በምጥ ላይ ሳለች ደም እየፈሰሳት ነው።

«ቀለሙ አልደረቀም!» አለ ዋናው ቀቢ።

«ግፋ!» አለችው ዋ ሃሊያ።

ገፋ። ሁለቱም መዳፎቹ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ።

እናትየዋም ልጇም ተረፉ። ቀቢዎቹ የቀረውን ሊጨርሱ ሲመለሱ ግን ዋ ሃሊያ አላስጠጋቻቸውም። የአስተዳዳሪው ሰው ራሱ መጥቶ፣ «እንዲህ ተዥጎርጉራ የማን ናት ብለው ቢጠይቁን ምን እንላለን?» አላት።

«ቀጥላ የምታምጠው ሴት ጀልባ ናት በል።»

ጀልባዋ ዛሬም አንድ ጎኗ አረንጓዴ፣ አንድ ጎኗ ብርቱካናማ ሆና፣ ነዳጇን ሞልታ ባሕሩ ዳር ትጠብቃለች።